ከሥሩ ተኝተሽ እዪ

አምሳለ፣ ቀለሙን ተዪው፤
ቀለም ላላፊ አግዳሚ ነው።
መጀመሪያ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አኑሪ፣
ሞቆ ከጠበቀሽ፣ "ለምን?" ብለሽ ጀምሪ።
ሌሊቱን ደጅ ያደረ፣ ውርጭ የጠጣ ሞተር
ገና ሲቀሰቅሱት ነው ገበናውን የሚናገር።
አስቀድሞ የተሟሟቀ፣
ሳሉን ውጦ፣ አፉን ጠርጎ፣ እንግዳ ሲያይ የሣቀ፣
እሱ ሻጩን መስሎ ነው የጠበቀ።

ይህን የምላት መንገድ ላይ ነው፣ እሁድ ጧት በመጋቢት፣
ከኦስተርሹንድ ሽቅብ፣ ሐይቁ በረዶ ተከናንቦ እንደተኛበት።
እሷ ያረጁትን አስታማሚ ናት፣ ከደጅ ደጅ የምትዞር፤
ትንሿ መኪናዋ ባለፈው ጥር
ቦይ ውስጥ ገብታ፣ ትራክተር ጎትቷት ነው የወጣች፤
"አራቱም እግሩ የሚስብ ይፈልጉልኝ" አለች።
እኔ ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ጥቀርሻ ውስጥ ያደግሁ፣
እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት የአውቶቡስ ፍሬን የጠገንሁ፤
ጡረታ ወጥቻለሁ።
ጆሮዬ ግን እንቢ አለ።

ባገራችን "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይባላል፣
"ያለዚያማ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል"።
እዚህ ጨውን የሚጥሉት እየጣፈጠ ነው፤
ክረምቱን ሙሉ፣ በመኪና፣ አስፋልቱ ላይ የሚበትኑት እነሱው።
በረዶውን ይበላና፣ ያልጠገበ ጥርሱን
ወደ ብረት አዙሮ ይግጣል ሻንሲውን።

ስለዚህ ከሥሩ ተኝተሽ እዪ። ካርቶን አንጥፊ፣
ጃኬትሽ ይቆሽሽ፤ ለመነሣት አትጣደፊ።
መዶሻውን ይዘሽ ሻንሲውን ቆርቁሪው፣
እንደ ደወል ከመለሰ ብረት ነው፣ ተሻገሪው፤
እንደ ዱባ እፍን ካለ፣ የካቻቢቴ ጫፍ አስገቢበት፤
ትኩስ ጥቁር ቀለም ካየሽማ፣ እዚያ ነው ቁስሉ የተቀበረበት።

ጎማዎቹን አስተያዪ። ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ መላጣ ከሆኑ፣
እኩል የማይስቡ በሬዎች ናቸው፤ ካምቢዮውን ሲጓተቱ ያባከኑ።
መሪውን እስከ ጥግ አዙረሽ በዝግታ ንጂ፣
ቀጭ ቀጭ ካለ ሴሚያሱ ነው፤ ዋጋው ይውረድ ብለሽ ፍረጂ።
የዘይቱን ክዳን ፍቺ፤ ማኪያቶ ከመሰለሽ፣
ውኃና ዘይት ታርቀዋልና አመስግነሽ ተመለሽ።

ኢንግቫር ደጁ ላይ ቆሟል፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፤
መንጃ ፈቃዱን የዐይን ሐኪም ወስዶበት፣ አልበረደለትም ንዴቱ።
ኮፈኑን ነካሁ።
ሞቋል።
አምሳለ አየችኝ፤ ሽማግሌው አውቋል።
"ሌባ አይደለሁም" አለ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
"ወዴት ልሂድ? ጧት ጧት አስነሥቼ እቀመጥበታለሁ፣ ወንበሩ እስኪሰማኝ ሞቆ።"

ልመነው? ካርቶኔን አንጥፌ ገባሁ።
አጥንቴ እየተንቋቋ፣ ብረቱን ደበደብሁ።
ቀኙ ደወል፣ ፊቱ ደወል።
ካቻቢቴዬ ከግራ ባሌስትራው ሥር እስከ እጀታው ጠለቀ፤
ዝም አልሁ። ከላይ የሽማግሌው ድምፅ ቀድሞኝ ወደቀ፤
"አውቃለሁ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣
ገዢ ላታልል አይደለም፤ ሳየው ስለሚያመኝ።"

አርባ ሺህ ክሮና ያለውን ሃያ ስድስት አደረገው፤
ቀሪው ለበያጁ ነው።
አልተከራከርንም።
ጣቱ ቁልፉን ግን ቶሎ አልለቀቀም።
"ወዴት ወዴት ነው የምትነጂው?" አላት።
ነገረችው፤ የእንጨት መሰንጠቂያውን ማዶ፣ የድልድዩን ቤት፣
የአራት አሮጊቶች ስም፣ የአንድ ዲያቆን መኖሪያ፤
"ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ" አለች፣ "እዚህ ዝርዝሬ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ኢንግቫር የሚባል አለ፣ የደም ግፊት፣ የዐይን ጠብታ።"

ሣቀ። ከዚያ እኔ ያላወቅሁትን ነገራት፤
"ሁለተኛው ማርሽ ብርድ ሲሆን ይኮርፋል፤
አታስገድጂው፣ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ርገጪ፣ ይገባል።"
ይህን መዶሻ አይሰማም።

አስነሥታ ወጣች፣ ጥዱን ታክካ ወደ ዳገቱ።
እሱ ባርኔጣው በእጁ፣ አንድ ጆሮው ወደ ፊቱ፣
አንደኛው... ሁለተኛው፣ ትንሽ አጉረምርሞ...
ሦስተኛው እስኪገባ ድረስ አዳመጠ፣ ቆሞ።